በልቼ ነው የመጣሁ

ሰቆጣ ላይ አንድ የደቡብ ሰዎች ቁርስ ቤት አለ። በሩ ላይ ስም ተጽፎበታል፤ ነገር ግን በስሙ የሚጠራው የለም፤ አገሩ ሁሉ «ደቡቦቹ ቤት» ነው የሚለው። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደዚያ ይተማል። ከሩቅ ለሚያይ ሌላ ታቦት የወጣ ይመስለዋል። እኔ እዚያ ቤት የበላሁት አንድ ቀን ነው። ያችን አንድ ቀን ባሰብኳት ቁጥር ግን እበግናለሁ፤ በቤቱ ይሁን በራሴ እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

ነገሩ የልጄ ነው። የመጨረሻዋ ሴት ልጄ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከአምስት ዓመት በኋላ የአንድ ወር ፈቃድ አግኝታ መጥታ ደሃና ወረዳ እኛ ዘንድ ከረመች። ቤታችን ከአምደወርቅ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ መኪና አይደርስበትም። ወሩ እንዴት እንዳለቀ እንጃ። ዘመድ ጠይቃ፣ የታመመ ጎብኝታ፣ ከእናቷ ጋር ስታወራ ከርማ፣ መመለሻዋ ደረሰ።

የመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ ሳልመርቃት ነው የሄደች። ይህን መደበቅ አልችልም። «አትሄጂም» አልኩ፤ «እሄዳለሁ አባዬ» አለች። በሄደችበት ጠዋት ጉልበቴን ልትስም ስትፈልገኝ እኔ ወደ ገብሱ ማሳ ወጥቻለሁ። ከማሳው ላይ ሆኜ ነጠላዋ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁ። ብጣራ ትሰማኝ ነበር። አልተጣራሁም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እጇን ዘይት ፈጃት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። ሚስቴ በዚህ ሁሉ «አንተ ነህ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ቆርጫለሁ። መርቄ ነው የምሸኛት።

ምርቃት ደግሞ እኛ ቤት ሥርዓት አለው። ከአባቴ ያየሁት፣ እሱም ከአባቱ ያየው ነው። መንገደኛ የሚመረቀው አብሮ ተበልቶ፣ ማዕዱ ተነስቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሊለያዩ ሲሉ ነው። በባዶ ሆድ የተመረቀ ምርቃት መንገድ ላይ ይርበዋል፣ ይል ነበር አባቴ። እኔ ከቤት ሳንወጣ ልመርቃት ብዬ ገና ስነሳ ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ሰቆጣ ድረስ አብረን አይደለን? ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ደቡቦቹ ቤት ቁርስ እጋብዝዎትና እዚያው ይመርቁኛል» አለች። ያንን ቤት ዓረብ አገር ሆና በስልኳ አይታዋለች፤ ጓደኞቿ ፎቶ ይልኩላታል። እኔን እዚያ ቤት አስቀምጣ ማብላት ተመኝታ ኖሯል። እምቢ ልበላት?

እናቷ እግሯን ስለሚያማት አልወረደችም። ደጅ ድረስ ሸኝታን እኔን ለብቻዬ ጠራችኝና፣ «ዛሬም ሳትመርቃት ብትመጣ፣ በሩን እንዳታንኳኳ» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ማታ ሰቆጣ ገብተን ዘመድ ቤት አደርን። እሑድ አስቀደስን። ጾሙ ተፈትቶ ሃምሳው ገብቷል፤ ሥጋው ቅቤው ሁሉ ተፈቅዷል። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት አካባቢ አለቀ። የወልድያው ሚኒባስ አራት ተኩል ይወጣል ተብሏል፤ ከሞላ ግን ቀድሞም ይወጣል። ልጄ፣ «እርስዎ ሄደው ቦታ ይያዙ፤ እኔ ሻንጣዬን አስጭኜ መጣሁ» ብላ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

ገባሁ። ቤቱ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። ግድግዳው ላይ ሙዝ የመሰለ ትልልቅ ቅጠል ያለው ተክል ተሥሏል፤ እንሰት የሚሉት እሱ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁ፤ ቂጣቸውን ቆጮን የሚጋግሩት ከሱ ነው። የቅቤው ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል። እኔ ከቅዳሜ ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስኩም፤ ቁርባንተኛ ነኝና። ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሽበቴን አይተው «አባባ፣ ይለፉ» አሉኝ። ከበሩ አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ ባዶ አግኝቼ ተቀመጥኩ።

ጥፋቱ ከበሩ አጠገብ መቀመጤ ነው።

እኛ አገር ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚያይ ከብት ብቻ ነው። የገባው ማንም ይሁን ማን ብድግ ይሉለትና «ኖር!» ይሉታል፤ እሱም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። በአንድ ቤት በቀን ስንት ሰው ይገባል? ሦስት? አራት? የደቡቦቹ ቤት በር ግን አያርፍም። አንዱ ሲገባ ተነሳሁ፤ «ኖር!» አልኩ። ሳልቀመጥ ሌላው ገባ። ባልና ሚስት ገቡ። ስልኩን ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው ገባ፤ ብድግ ማለቴን እንኳ አላየም። አንዳንዱ ደንግጦ «በእግዜር፣ በእግዜር አባባ፣ ይቀመጡ!» ይላል። አንዱ ጎረምሳማ ወንበሩን የለቀቅሁለት መስሎት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሊቀመጥበት ምንም አልቀረው። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ልቀመጥ እላለሁ፣ በሩ ይከፈታል። ምነው አንድ ላይ ተጠራርታችሁ ብትገቡ! እላለሁ በሆዴ።

በዚህ መሀል አስተናጋጇ መጣች። ከባለቤቲቱ ጋር ከደቡብ የመጣች፣ ፈጣን፣ ፊቷ ደስ የሚል ልጅ ናት።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«አይ፣ ምንም አልፈልግ ልጄ። በልቼ ነው የመጣሁ።»

እንግዲህ ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «በልቻለሁ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በሦስተኛው ባለቤት «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብላ ትቆጣለች፤ እንግዳውም «እንግዲህ ካልሽ» ብሎ እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን ወደ ማዕድ የሰደደ ሰው አንድ አውቃለሁ። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ልጁ ሚስት ሲያጭ እንኳ «የዚያ የሆዳሙ ልጅ ነው?» ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነው ያደግነው።

ልጅቱ ሄዳ ደግሞ ተመለሰች። «ሻይ እንኳ አይጠጡም አባባ?»

«ሻይ ቀርቶ ውሃ አያሰኘኝም።»

ደስ አለኝ። ሁለተኛው አለፈ፤ አንድ ቀረን። በሦስተኛው «በሞቴ» ስትለኝ ልጄም ትደርሳለች፣ አብረን እናዛለን ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው የጠረጴዛ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«እርግጠኛ ነዎት አባባ? ምንም አይበሉም?»

እርግጠኛ ነዎት! ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ተብዬ ተለምኜ አላውቅም። ምን ይመለሳል? «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ሄደች።

ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ምግብ ቤት መሀል ተቀምጦ «በልቼ ነው የመጣሁ» የሚልን ሽማግሌ ማን ያምናል? እሷ አመነችኝ። በዚያ ቀን በሰቆጣ ከተማ ቃሌን እንዳለ የወሰደች እሷ ብቻ ናት።

ወዲያው አምስት ሰዎች ገቡ፤ የቢሮ ሰዎች ይመስላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሽበታም ስለሆነ እንደ ሌላው ጊዜ ግማሽ መነሳት አልበቃኝም፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ኖር!» አልኩ። አስተናጋጇ ከወዲያ ጥግ ሆና አየችኝ። መቆሜን አይታ የምሄድ መሰላት። እየሮጠች መጥታ ጠረጴዛውን ጠረገች፣ ሁለት ወንበር ጨመረች፣ «በዚህ በኩል፣ አባባ እየወጡ ነው» ብላ ሰዎቹን አስቀመጠቻቸው።

ሽበታሙ ሰው ጨዋ ነው፤ ደነገጠ። «አባባ፣ እርስዎስ? አብረን እንቀመጥ እንጂ!»

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አልኩት። «እኔ በልቻለሁ።»

አራተኛ ጊዜ። ምላሴ ያለ እኔ ፈቃድ ነው የሚናገር። ወጣሁና ውጭ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ ስትደርስ እዚያ አገኘችኝ።

«አባዬ! ምነው እዚህ? ቦታ የለም እንዴ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ሳቋ ቆመ። ሌላው እንዳይሰማ ብላ በአገራችን ቋንቋ በኽምጠኛ ትቆጣኝ ጀመር። ሰቆጣ ላይ! ከመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት አምስቱም ዞር አሉ።

«ስትጠይቅዎት ለምን አዎ አላሉም?»

«በመጀመሪያው ጥያቄ?»

«አዎ! በመጀመሪያው ጥያቄ!»

«እንዲህ ብለን ነው ያሳደግንሽ?»

አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ብላችሁማ ነው ያሳደጋችሁኝ» አለች። «እዚያ የገባሁ ሰሞን እመቤቲቱ ማታ ማታ ‹በልተሻል?› ትለኛለች። ‹በልቻለሁ› እላታለሁ። ‹ደግ› ብላ ኩሽናውን ትቆልፋለች። ሁለተኛ አትጠይቀኝም። ሦስተኛ የምትለኝ እየመሰለኝ ደጁ ላይ እጠብቃት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አባዬ። ከዚያ አንድ ቀን ‹አልበላሁም› ብዬ ጮህኩባት፤ ደነገጠች፤ ‹ምነው እስከዛሬ?› አለችኝ።»

ይህን በወሩ ሁሉ አልነገረችኝም ነበር። ለእናቷም አልነገረችም። እኔ ያኔ ማሳ ላይ ቆሜ ምርቃቴን ስከለክላት፣ በባዶ እጇ የሄደች መስሎኝ ነበር የሚቆጨኝ። ለካስ ባዶ እጇን አልሄደችም፤ «በልቻለሁ»ን አሲዣት ኖሯል።

 ሽበታሙ ሰውዬ በመስኮቱ ራሱን አወጣና፣ «አባባ፣ ኑ እንጂ፣ እንብላ!» አለኝ።

«ብሉ፣ ብሉ፤ በልቻለሁ» አልኩት።

ልጄ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እንኳንስ እኔ፣ መስኮቱም አይረሳው።

እጄን ይዛ አስገባችኝ። ባለቤቲቱን በቀጥታ አግኝታ አነጋገረቻት፤ ሒሳቡንም ቀድማ ከፈለች። እንደዚህ ደፋር ከመቼ ወዲህ እንደሆነች አሁን ገብቶኛል። ከማእድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ጭሱ ዓይን የሚያስለቅስ ቦታ ላይ ሁለት በርጩማ ተገኘልን። ለብለብ ክትፎ፣ አይብ፣ ቆጮ አዘዘች። «ቶሎ ይድረስልን፣ መኪና ይጠብቀኛል» አለች። አስተናጋጇ «አሁን ይመጣል» አለች።

አልመጣም። ከማእድ ቤት የሚወጣው ሁሉ በአፍንጫችን ሥር እያለፈ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ከእኛ በኋላ የገቡት በልተው እጃቸውን ታጠቡ። «እህት፣ የኛስ?» ትላለች ልጄ። «መጣ፣ መጣ» ትላለች ልጅቱ። ያች ልጅ «መጣ» የምትለው ገና ላልታረደው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ጣባ፣ በሸክላዋ ውስጥ ቅቤው የሚያበራ፣ ፊታችን ተቀመጠ፤ እጄን ልዘረጋ ስል «ውይ ይቅርታ፣ የነዚያ ነው» ብላ አነሳችው። እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም፤ በሬ እንኳ ስነዳ አልሳደብም። ያኔ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እሑድ ስለሆነ ዋጥኩት።

ባለቤቲቱ ራሷ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሽርጧን የታጠቀች ሴት ናት። ልጄ የሆነውን ነግራታለች መሰለኝ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ አሉ?»

«አምስት ነው» አልኳት።

ሳቀች። «እኛም አገር እኮ እንዲሁ ነው። እናቴ እንግዳ ቶሎ እሺ ካለ ትጠረጥረው ነበር። ይሄን ቤት ስከፍት ግን ተውኩት። እምቢ ያለውን ሁሉ ስለምን ብውል፣ አዎ ያለውን ማን ያበላልኛል?»

«ለሽማግሌ እንኳ አትለምኑም?»

«ለሽማግሌማ! ይች ልጅ አዲስ ናት፤ እነግራታለሁ። እርስዎ ይታገሡኝ፤ የርስዎን እኔው ራሴ ነኝ የማመጣው።»

እውነትም ራሷ አመጣችው። ቆጮውን በቅጠል ጠቅልላ፣ ክትፎውን አይብ ደርባበት፣ ጣባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልጄ እጇን ታጥባ ልትቀመጥ ስትል ስልኳ ጮኸ። የሚኒባሱ ረዳት ነው፤ ድምፁ ለኔም ይሰማል። «እህት፣ ሞልተናል! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው! አምስት ደቂቃ፤ ካልመጣሽ ሻንጣሽን አውርደን እንሄዳለን!»

ልጄ ጣባውን አየች። እኔን አየች። «አባዬ፣ እንግዲህ እንዲሁ ይመርቁኝ» አለችና ጎንበስ አለች።

ቆምኩ። እጄን ራሷ ላይ አደረግኩ። አፌን ከፈትኩ። የአባቴ ቃል ነው የመጣብኝ፤ መንገድ ላይ ይርበዋል የሚለው። ይች ልጅ ሁለት ወር ርቧታል። የተራበ ምርቃት ጨምሬ ልላክባት?

«አይሆንም» አልኩ።

«አባዬ!»

«ሳንበላ አልመርቅም!»

«መኪናው ሊሄድ ነው እኮ! ምን ላድርግ ታዲያ?»

ምን እንደምታደርግ እኔም አላውቅም። ብቻ ሳላስበው ጣባውን ብድግ አደረግኩ፣ ቆጮውን ነጠላዬ ውስጥ ቋጠርኩና ወደ በሩ አመራሁ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ የሰው ዕቃ ይዤ ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላዬ አስተናጋጇ «አባባ! ጣባው! ጣባው!» እያለች ትጮኻለች። ባለቤቲቱ «ተያቸው፣ ይሂዱ!» ስትላት ሰማሁ። በሩ ላይ ሰዎች ሲገቡ ተገናኘን፤ ጣባዬን አቅፌ «ኖር!» ልላቸው ስል ልጄ ጎተተችኝ።

መናኸሪያው ስንደርስ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሟል።

«አባባ፣ እርስዎ የት ነዎት? ወንበር የለም!»

«ወንበር ማን ጠየቀህ? ከከተማው መውጫ ኬላው አጠገብ እወርዳለሁ።»

«ትርፍ አንጭንም አባባ።»

«ትርፍ አይደለሁም፤ የልጄ ስንቅ ነኝ» አልኩት።

ውስጥ ያሉት ሳቁ። «አስገባቸው ባክህ!» አሉት። ተጠጋግተው ልጄ አጠገብ እንደ ምንም ተሸጎጥኩ፤ አንድ ጉልበቴ ከኔ ጋር፣ አንዱ ከጎረቤቴ ጋር። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ነጠላዬን ፈታሁና ጣባውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ሽታው መኪናውን ሞላው።

ብቻችንን መብላት አይሆንም። «እንብላ!» አልኩ ለሁሉም።

«ብሉ፣ ብሉ! በልተናል!» አሉ ሁሉም፣ ልክ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ፣ በአንድ ድምፅ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፤ ግማሾቹን ቅዳሴ ላይ ከፊቴ ቆመው አይቻቸዋለሁ። የትኛውን ነው የበሉት? ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትስቃለች።

«እንብላ እንጂ!» አልኩ ሁለተኛ።

«እግዜር ይስጥልን፣ ጠግበናል!»

«በሞቴ!» አልኩ። «አፈር ስሆን! ይች ልጅ ወደ ሰው አገር ነው የምትሄድ፤ አብራችሁ ካልቀመሳችሁ አልመርቃት!»

 ከፊት ያለችው ትልቅ ሴት፣ «እንግዲህ ካሉ» ብላ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ቀጥሎ ባሏ። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት። ቆጮው የማያልቅ ነው፤ ባለቤቲቱ እጇ ለጋስ ኖሯል። ለልጄ ሦስት ጊዜ አጎረስኳት፤ እሷም እኔን። የመጀመሪያው ጉርሻ አፌ ሲገባ ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ ምግቡ ይሁን ሚጥሚጣው ይሁን እንጃ። ቆጮውን አፌ አልለመደውም፤ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ግን ከቅቤው ጋር ሲሆን ይወርዳል። ረዳቱም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «በልቻለሁ» ሲል ከቆየ በኋላ ሁለት ጊዜ ጎረሰ።

ሾፌሩ ከኬላው መለስ ብሎ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። «አባባ፣ ከዚህ ወዲያ አያሳልፉንም» አለ። ከዚያ ዞረና ጣባውን አየ። «ለኔ አላችሁ?» አለ። በመጀመሪያው! ማንም ሳይጠይቀው! እንዴት እንደወደድኩት። የቀረውን ሁሉ አጎረስኩት።

አንዲት ሴት ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፈሰሰችልን፤ እኔና ልጄ እጃችንን ታጠብን። መሬት ላይ ቆምኩ። ልጄ ወረደችና ጉልበቴን ስማ ተንበረከከች። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» አልኩ።

«አሜን» አለ መኪናው በሙሉ።

«ከክፉ ቀን፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። የነካሽው ይባረክ። የሰው ፊት አያሳይሽ።»

«አሜን።»

«ወጥተሽ አትቅሪ። እናትሽን በሕይወት አግኛት።»

«አሜን።»

እስከዚህ የአባቴ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው። «ሲርብሽ ርቦኛል የምትይበት አፍ ይስጥሽ» አልኳት። «ማንም ይጠይቅሽ፣ በመጀመሪያው አዎ በይ። ነውሩን እኔ ወስጄዋለሁ።»

መኪናው ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምተው አያውቁምና። ከዚያ ትልቋ ሴት «አሜን» ስትል ሁሉም ተከተሏት። ልጄ ተነስታ አንገቴን አቀፈች። ወደ መኪናው ገባች፣ በሩ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ እስኪታጠፉ ድረስ በስሟ እየተጣራሁ ቆምኩ፤ ሰማች አልሰማች ግድ የለኝም።

ተመለስኩ። ከኬላው ወደ ከተማው ዳገት ነው፤ ፀሐዩ ናላ ያዞራል፤ ባዶ ጣባ አቅፌ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ምርቃቱ ልቤን አቅልሎልኝ ነበር፤ ግን ጥቂት እንደሄድኩ ብሽቀቴ ተመለሰ። በመጀመሪያው «አዎ» ብል ኖሮ፣ ተቀምጠን፣ ተረጋግተን በልተን፣ ሰው እንደሚያደርገው መርቄያት፣ ይህን ሁሉ ዳገት ባልወጣሁ። አንዲት ቃል! ጣባውን ወርውሬው ብሄድ ደግሞ የሰው ዕቃ ነው።

ደቡቦቹ ቤት ስደርስ ሰው ሳስቷል። አስተናጋጇ አየችኝና እየሮጠች መጣች። «አባባ! መጡ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

«አይ ልጄ፣ ጣባችሁን ልመልስ ብዬ ነው።»

«ይቀመጡና የቡላ ገንፎ ላምጣልዎ፤ ቅቤ የጠጣ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በልቼ ነው የመጣሁ።»

ቆም ብላ አየችኝ። ወደ ማእድ ቤቱ ዞራ ባለቤቲቱን አየቻት። ባለቤቲቱ ሽርጧን እንደታጠቀች በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«አሁንስ አልሞኝም አባባ» አለች ልጅቱ።

«እውነቴን ነው! ኬላው አጠገብ ከሙሉ መኪና ሰው ጋር በላሁ! ሆዴን እዪው!»

«በሞቴ!» አለች። ማን እንዳስተማራት ገባኝ። «አፈር ስሆን!»

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ተቀመጥኩ። ገንፎው እንደ ተራራ ተቆልሎ መጣ። ከቅዳሜ ምሳ ጀምሮ ስራብ ያልደረሰልኝ ቤት፣ ስጠግብ አንድ ገበታ አቀረበልኝ። ባለቤቲቱ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ «መረቋት?» አለች።

«መረቅኋት» አልኩ። ከገንፎው አንድ ጊዜ ቀመስኩ፤ ደግሞ ቀመስኩ። ማታ ዘመድ ቤት ሆኜ ለሚስቴ በስልክ ስነግራት በሩን ትከፍትልኛለች አልኩ በልቤ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ ሰው ገባ። ተነሳሁና «ኖር!» አልኩት፤ ወንበሩን ግን በአንድ እጄ አጥብቄ ይዤ።